ሰላምታው ሳያልቅ ተመልካቹ ሄዷል

ካቢ ላሜ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማርች 2020 በሰሜን ጣሊያን ከሚገኝ ፋብሪካ ሥራው ተሰናብቶ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ መልቀቅ ጀመረ። በጁን 2022 እስከዚያ ድረስ ቀዳሚ የነበረችውን ቻርሊ ዳሚሊዮን በልጦ በመድረኩ ላይ ከሁሉም የበለጠ ተከታይ ያለው ሰው ሆነ። ያውም ትንፍሽ ሳይል!

የሴኔጋል ተወላጁ ቪዲዮ የሚጀምረው በራሱ አይደለም። ለምሳሌ በአንዱ ላይ በቅድሚያ የሚታየው ሌላ ሰው ሙዝ በቢላ ለመላጥ ሲታገል ነው። ተመልካቹ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» እያለ ሳለ ካቢ ብቅ ይልና ሙዙን በእጁ ላጥ ላጥ ያደርገዋል። ከዚያ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ካሜራውን ትክ ብሎ ያያል። በቃ። ጥያቄው ገና ሲጀመር ተጭሯል፤ መልሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ መሃል ላይ ጣት ለማንሸራተት ፋታ የለም። ቋንቋ ስለሌለውም ዳካርም አዲስ አበባም እኩል ያስቃል።

ብዙ የአማርኛ ቪዲዮዎች ግን «ጤና ይስጥልኝ ውድ ቤተሰቦቼ» ብለው፣ «ላይክ ሼር» አስከትለው፣ ወደ ጉዳዩ የሚገቡት ዘግይተው ነው። ጨዋነቱ ያስመሰግናል፤ ለአጭር ቪዲዮ ግን አይሆንም።

ቲክቶክ በ2020 ቪዲዮዎችን ለተመልካች ስለሚመርጥበት አሠራር ሲያብራራ፣ ረዘም ያለ ቪዲዮን እስከ መጨረሻ ማየት ጠንካራ የፍላጎት ምልክት እንደሆነ፣ የተከታይ ብዛት ደግሞ በቀጥታ እንደማይቆጠር ገልጿል። ስለዚህ ጀማሪም ዕድል አለው። በታክሲ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ ለሚያይ ሰው ደግሞ ንግግሩን ስክሪኑ ላይ በጽሑፍ ማስፈር ይበጃል።