የባርበሪኒ ንቦች

ሮም ውስጥ በ17ኛው መቶ ዘመን በታነፁ ወይም በታደሱ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት፣ ቤተ መንግሥቶችና የአደባባይ ፏፏቴዎች ላይ ሦስት ንቦች ተቀርጸው ይታያሉ፤ ሁለቱ ከላይ ጎን ለጎን፣ አንዷ ከታች። በቀለም ሲሣሉ ንቦቹ ወርቃማ፣ ጋሻው ሰማያዊ ነው። ይህ የባርበሪኒ ቤተሰብ አርማ ነው። ንቦቹ ግን ከጥንት ንብ አልነበሩም።

የቤተሰቡ መነሻ በቶስካና፣ ከፍሎረንስ በስተደቡብ ያለችው ባርበሪኖ ቫል ዴልሳ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። የቀድሞ ስማቸው ታፋኒ ነበር። ታፋኖ ከብትና ፈረስ እየነከሰ ደም የሚመጥ ትልቅ ዝንብ ነው፤ በጋሻቸው ላይ የነበሩትም ሦስት እንዲህ ያሉ ዝንቦች ናቸው። ስምን በሥዕል መናገር በጣሊያን ቤተሰቦች ዘንድ የተለመደ ነበር። የኮሎና ቤተሰብ በጋሻው ላይ ዓምድ፣ ዴላ ሮቬሬ የባሉጥ ዛፍ አደረጉ፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ጋሻውን አይቶ የማን ቤት እንደሆነ ያውቃል።

ታፋኒዎች ፍሎረንስ ገብተው በንግድ ሲበለጽጉ በመጡበት አገር ስም ባርበሪኒ ተባሉ። ጣሊያን ውስጥ የቤተሰብ ስም ከአባት ስም፣ ከሙያ፣ ከመልክ ወይም ከትውልድ ቦታ ይወጣል፤ ባርበሪኒ ከመጨረሻው ወገን ነው። ስሙ ሲቀየር የጋሻው ዝንብ ትርጉም አጣ። ወደ ንብ ለመለወጥ ደግሞ ቀራጩ ብዙ አይደክምም፤ ክንፉም እግሩም አለ። የትርጉሙ ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ዝንቡ ደም መጣጭ ሲሆን ንብ ታታሪ፣ ማር ሰጪ፣ ለአንድ ገዢ ታዛዥ ናት። አርማ ከአያት የሚወረስ ብቻ ሳይሆን ወራሹ ስለ ራሱ እንዲታመንለት የሚፈልገውን የሚናገርበት ነገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ በግልጽ የሚያሳይ ቤተሰብ አላውቅም።

ንቦቹን ሮም ላይ ያሰፈራቸው ማፌዮ ባርበሪኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1568 ፍሎረንስ ተወለደ፤ አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ሮም በቤተ ክህነት ሹመት ላይ የነበረው አጎቱ አሳደገው። በ1606 ካርዲናል፣ በ1623 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 8ኛ ሆነ። የአርማውን ዘመን ለመለየት ከጋሻው በላይ ያለውን ማየት ይበቃል። ዘርፍ ያለው ባርኔጣ ካለ የካርዲናል ነው፤ ሦስት እርከን ያለው ዘውድና የተጠላለፉ የጴጥሮስ ቁልፎች ካሉ የጳጳሱ ነው።

የንቦቹ ትርጉም ለዘመኑ ምሁራን ወዲያው ገባቸው። ጋሊሌዎ በ1624 ትንንሽ ነገሮችን አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ለፌዴሪኮ ቼዚ ላከለት። ቼዚ የሊንቼይ አካዳሚ መሥራች ነው። አካዳሚው በ1625 በዚያ መሣሪያ የታዩ ሦስት ንቦችን ልክ በባርበሪኒ ጋሻ አደራደር፣ በጳጳሱ ዘውድና ቁልፎች ሥር አድርጎ አሳተመ። በማይክሮስኮፕ ታይተው ከታተሙ ሥዕሎች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። አንድ ሳይንሳዊ ሥራ ደጅ ለመጥናት ተብሎ መሠራቱ አያሳንሰውም፤ ዓይኑ፣ ጠጉሩ፣ መንደፊያው በጥንቃቄ ተሥሏል። ይኸው ጳጳስ በዘመነ ሥልጣኑ፣ በ1633፣ ጋሊሌዎን ለፍርድ ማቅረቡን ሳስብ ግን አዝናለሁ።

ንቦቹ በብዛት ያሉት በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ነው። ጃን ሎሬንዞ በርኒኒ ከ1624 እስከ 1633 በዋናው መሠዊያ ላይ 29 ሜትር የሚጠጋ የነሐስ ድባብ ሠራ። በተጠማዘዙት አራት ዓምዶች ላይ ሌላው የቤተሰቡ ምልክት የሆነው የሎሬል ቅጠል ይታያል፤ ንቦችም በቅጠሉ መካከል ይሄዳሉ። ጎብኚ የሚያልፈው ግን ከሥር ያለውን ነው። በዓምዶቹ የእብነ በረድ መቆሚያዎች ላይ ስምንት የባርበሪኒ ጋሻዎች ተቀርጸዋል፤ በሰባቱ አናት ላይ የሴት ፊት አለ። እየዞሩ ሲመለከቷቸው ፊቷ በምጥ ይጨነቃል፤ ንቦቹ ያረፉበት የጋሻው ሆድም ያብጣል። በስምንተኛው ጋሻ ላይ የሴቲቱ ፊት የለም፤ በቦታው ክንፍ ያለው ሕፃን ፊት ተተክቷል። ምጧ የቤተ ክርስቲያን ነው የሚሉ አሉ፤ ከጳጳሱ ዘመዶች አንዷ በጭንቅ ወልዳ ለምስጋና ነው የሚሉም አሉ። እኔ የሚገርመኝ የቤተሰብ ጋሻ በዚህ ቅዱስ ቦታ የሰው ሥጋና ሕመም እንዲለብስ መፈቀዱ ነው።

የነዚህ ንቦች ዘመን ከእኛም ታሪክ ጋር ይገናኛል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1626 በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መታዘዛቸውን ሲምሉ፣ የተማለለት ጳጳስ ኡርባኖስ 8ኛ ነበር። በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ተመልሶ ፋሲለደስ ሲነግሡ፣ በርኒኒ ድባቡን ገና አልጨረሰም።

በ1644 እዚያው ሮም ውስጥ የንቦች ፏፏቴ ሲሠራ፣ ጽሑፉ የጳጳሱን 22ኛ ዓመት ይጠቅስ ነበር። ዓመቱ ሊገባ ሁለት ወር ገደማ ይቀረው ስለነበር ሕዝቡ እንደ መጥፎ ገድ ቆጠረው፤ አንድ ቁጥርም ተፋቀ። ኡርባኖስ 22ኛ ዓመቱ ሊገባ 8 ቀን ሲቀረው፣ ሐምሌ ማብቂያ ላይ ሞተ።

ተተኪው ኢኖከንቲዮስ 10ኛ የባርበሪኒዎችን ሒሳብ ማስመርመር ጀመረ፤ የጳጳሱ የወንድም ልጆች፣ ሁለቱ ካርዲናሎችና መስፍን ታዴዮ፣ ወደ ፈረንሳይ ሸሹ። ታዴዮ በ1647 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። አዲሱ ጳጳስም የፓምፊሊ ቤተሰቡን ርግብ ለማሳየት ወደዚያው በርኒኒ ሄደ፤ በ1651 በተመረቀው የናቮና አደባባይ የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ፣ በሐውልቱ ጫፍ ላይ ያለችው እሷ ናት። በ1653 የታዴዮ ልጅ የጳጳሱን ዘመድ ሲያገባ ጠቡ በረደ። በወንድ የሚወርደው ዘር ቢያልቅም፣ የመጨረሻዋ ወራሽ ኮርኔሊያ በ1728 ከኮሎና ቤት ስታገባ ስሙ ከባሏ ስም ጋር ተጣምሮ ቀጠለ። ቤተ መንግሥታቸው በ1949 ለጣሊያን መንግሥት ተሽጦ ዛሬ ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ነው፤ በታላቁ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ፒዬትሮ ዳ ኮርቶና በ1639 ያጠናቀቃቸው ግዙፍ ወርቃማ ንቦች አሁንም አሉ።