አምስት ማካፈል የቀረው ፌርማ

2ን በራሱ ብናባዛው 4 ይሆናል፤ 4ን በራሱ ብናባዛው 16። እንዲሁ ስንቀጥል 256 ይመጣል፣ ከዚያም 65536። ከ2 ጀምረን በእያንዳንዱ ላይ 1 ስንጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537ን እናገኛለን። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። የቱሉዙ ዳኛ ፒየር ደ ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. ይህን አይቶ ሁሉም እንዲሁ ይሆናሉ ብሎ አመነ። ማረጋገጫ እንደሌለው ለወዳጆቹ በደብዳቤ አልሸሸገም፤ እምነቱን ግን አልተወም።

ቀጥሎ ያለው 4294967297 ነው።

ነገሩ ለ90 ዓመት ገደማ ተዳፍኖ ቆየ። በ1729 መጨረሻ ክርስቲያን ጎልድባክ ከሞስኮ ለሊዮናርድ ኦይለር ሲጽፍ፣ በደብዳቤው ግርጌ እንደ ዋዛ የፌርማን ነገር ጠየቀው። ኦይለር በሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ የሚሠራ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። መጀመሪያ ጥያቄው ብዙም አልሳበውም፤ ጎልድባክ ግን አለቀቀውም። በ1732 መልሱ መጣ፤ 4294967297 የ641 እና የ6700417 ብዜት ነው።

641 ከየት መጣ? ኦይለር ያኔ አልተናገረም፤ ምክንያቱን ያስረዳው ከዓመታት በኋላ ነው። 4294967297ን የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር፣ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። በዚህ ወንፊት የሚያልፉት በጣም ጥቂት ናቸው፦ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641። አራቱን ሞክሮ ቀሪ ያገኘ ሰው አምስተኛው ላይ ይደርሳል። በወረቀትና በብዕር የአንድ ከሰዓት ሥራ እንኳ አይሞላም።

እኔን የሚገርመኝ የኦይለር ብልሃት አይደለም፤ የፌርማ ዝምታ ነው። በዚያው በ1640፣ በዚሁ ዓይነት ወንፊት፣ ከዚህ በብዙ የሚበልጠው 137438953471 ለ223 እንደሚካፈል አግኝቶ ነበር። መሣሪያው እጁ ላይ ነበረ። ሞክሮ ሲያካፍል ተሳስቶ ይሆናል የሚሉ አሉ። እኔ ግን የሰልፉ ውበት ዓይኑን ሳይጋርደው አልቀረም እላለሁ።

በሰልፉ ከ4294967297 ቀጥሎ ያለውን፣ ባለ 20 አኃዙን 18446744073709551617፣ ፎርቹኔ ላንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ በ82 ዓመቱ በ1880 ለ274177 አካፈለው። ከዚያ ወዲህ ከ65537 በኋላ አንድም ብቸኛ አልተገኘም። ከ2 ተነሥተን፣ የመጣውን ሁሉ በራሱ እያባዛን 20 ጊዜ ሄደን 1 ስንጨምር የምናገኘው ግን ይለያል። 315653 አኃዝ አለው፤ ብቸኛ አለመሆኑ በ1980ዎቹ በኮምፒውተር ተረጋግጧል፤ ከአካፋዮቹ ግን አንዱንም ያገኘ የለም።