ገናን በገዛ እጃችን፦ ከወረቀት የሚሠሩ የበዓል ማስጌጫዎች



ከጥቂት ዓመታት በፊት አዳማ ውስጥ በማገለግልበት አጥቢያ፣ የገና በዓል ሲቃረብ አንድ ማስታወቂያ ተናገርኩ። በልጆች አገልግሎት የሚማሩ ሁሉ ለአዳራሹ ማስጌጫ መግዣ 50 ብር እንዲያመጡ ነበር ያልኩት። ሐሳቡ የራሴ ነው፤ ማንም አልተቃወመም። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለሦስት ተከታታይ እሑዶች ከክፍሏ ቀረች። አስተማሪዋ ስትነግረኝ አብረን ወደ ቤታቸው ሄድን። እናትየዋ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ እኅት ናት። «ፓስተር፣ ልጅቷ በጓደኞቿ ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው። በዓሉ ሲያልፍ ትመለሳለች» አለችኝ።

ከዚያ ቤት ስወጣ አንድ ጥያቄ ልቤን ወጋው። በግርግም የተኛውን ጌታ ልደት ለማክበር ብለን የድሀ ልጅ ከደጅ እንድትቀር ካደረግን፣ ያከበርነው ማንን ነው? በዚያው ሳምንት መዋጮውን ሰረዝን። ያገለገለ ወረቀት፣ ካርቶንና መቀስ ሰብስበን ከልጆቹ ጋር መሥራት ጀመርን። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ የተማርነውን ለእናንተ ለማካፈል የተዘጋጀ ነው።

ጅማሬው ከገበያ አልነበረም

ዛሬ በየሱቁ የምናየው ብልጭልጭ የገና ማስጌጫ ተገዝቶ የሚመጣ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያውም የሀብታም ነገር ይመስለናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በዓለም ዙሪያ የታወቀው ባለ ብዙ ጫፍ የወረቀት ኮከብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ፣ በጀርመን አገር ኒስኪ በምትባል ከተማ፣ የሞራቪያ ወንድሞች በሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ተማሪዎቹ የሠሩት ለጂኦሜትሪ ትምህርት ነበር። ሞራቪያውያን ገና በማለዳው ወንጌልን ይዘው ወደ ሩቅ አገር በመውጣት የታወቁ ክርስቲያኖች መሆናቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1839 ደግሞ ዮሐን ሂንሪክ ቪከርን የተባለ የሉተራን አገልጋይ በሐምቡርግ ከተማ ድሀ ልጆችን ሰብስቦ ያሳድግ ነበር። ልጆቹ «ገና መቼ ነው?» እያሉ ቢያስቸግሩት አንድ አሮጌ የጋሪ ጎማ ወስዶ ሻማዎችን ደረደረበት፤ ለእሑዶቹ ትልልቅ ነጭ፣ ለሥራ ቀኖቹ ትንንሽ ቀይ። በየቀኑ አንድ እየተለኮሰ የጌታን ልደት ቆጠሩ። የጋሪ ጎማ! ጋሪ ለዘመናት ሲመላለስባት ለኖረችው ለአዳማ ሰው ከዚህ የቀረበ ዕቃ ምን አለ?

ወገኖች ሆይ፣ ልብ በሉ። አንዱ ከትምህርት ቤት ጠረጴዛ፣ ሌላው ድሀ ልጆች ከሚያድጉበት ቤት ወጣ። ሁለቱም በእጅ በተገኘ ነገር፣ ልጆችን ለማስተማር የተሠሩ ነበሩ።

የከተማችንም ስም ይህን ያስታውሰናል። አዳማ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጌታ ባደገባት ከተማ ስም ናዝሬት ተባለች። እ.ኤ.አ. በ2000 የቀድሞ ስሟ በይፋ ቢመለስላትም፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ናዝሬት እንላታለን። በዚያችኛዋ ናዝሬት ጌታችን የሚታወቀው በእጁ በሚሠራ ሰውነቱ፣ በጠራቢነቱ ነበር (ማር. 6፥3)።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ያገለገለ የጽሕፈት ወረቀት፣ አሮጌ ደብተር፣ የዕቃ ካርቶን፣ መቀስ፣ ማስመሪያና ክር ካላችሁ ይበቃል። ወንጂ በስኳሯ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ፋብሪካዋም ስሟ የሚነሣ ጎረቤታችን ናት፤ እኛም በአንድ ገጹ ብቻ የተጻፈበትን ወረቀት ከመጣል እንቆጠብ።

ኮላ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ሲኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ሲኒ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡና እብጠት እንዳይኖረው አሹት። ሦስት ሲኒ ውኃ አፍልታችሁ ብጥብጡን ጨምሩበት፤ እስኪወፍር ሳታቋርጡ አማስሉት። ሲቀዘቅዝ ይሠራል። ለሁለት ቀን ያህል ከተጠቀማችሁ በኋላ ስለሚኮመጥጥ አዲስ አዘጋጁ። አብሲት መጣል የምትችል እናት ይህን ለመሥራት አስተማሪ አያስፈልጋትም። የእኛን ሙጫ ያዘጋጀችው ማን እንደ ሆነች ገምታችኋል? ያቺው እንጀራ ጋጋሪ እኅት ናት። ድስቱን ይዛ ከልጇ ጋር መጣች።

1. የወረቀት ኮከብ

አንድ ኤ-4 ወረቀት ውሰዱ። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱን 15 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት። ከአጭሩ ጎን ጀምራችሁ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ፣ በ1.5 ሳንቲ ሜትር ልክ እስከ መጨረሻው እጠፉት። መካከሉን በክር አጥብቃችሁ እሰሩ። ሁለቱን ጫፎች በመቀስ አግድም አሹሉ። ከዚያም ግራና ቀኙን እንደ ማራገቢያ ዘርጉና የሚገናኙትን ጠርዞች በሙጫ አያይዟቸው። ክብ፣ ባለ ብዙ ጫፍ ኮከብ ይወጣላችኋል። በክር አንጠልጥሉት፤ ግን ከቤት ውስጥ ይሁን። የአዳማ ነፋስ የኤሌክትሪክ ኃይል እስከ ማመንጨት የደረሰ ነውና ለወረቀት አይራራም።

2. የ29 ቀን ሰንሰለት

ወረቀቱን 3 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባላቸው 29 ቁራጮች ቁረጡ። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል 28 ይበቃችኋል። በእያንዳንዱ ላይ የዕለቱን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጻፉ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ እያሳለፋችሁ አጣብቁ። ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ በየማታው አንድ ቀለበት ይቀደድ፣ ክፍሉም ይነበብ።

በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት ነቢያት ስለ ክርስቶስ የተናገሩትን አንብቡ (ለምሳሌ ኢሳ. 7፥14፤ 9፥6፤ ሚክ. 5፥2)። ከ10 እስከ 19 ሉቃስ ምዕራፍ 1ን ውሰዱ፤ 80 ቁጥሮች ስላሉት ለአንድ ማታ ስምንት ይደርሳል። በቀሩት ቀናት ማቴ. 1፥18-25፣ ሉቃ. 2፥1-20 እና ማቴ. 2፥1-12ን ከፋፍላችሁ አንብቡ። የምንቀድደው ቀለበት ተራ በተራ የልጆቹ ይሁን። ልጅ ሰንሰለቱን ለመቅደድ ሲል የዕለቱን ንባብ ያስታውሰናል።

3. ያረጀ የሚመስል ካርድ

የጥንት ደብዳቤ የሚመስል ካርድ ለመሥራት ቡና ጠጥታችሁ በጀበና የቀረውን አተላ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ዳግም አፍሉና አጥልሉት። ሲቀዘቅዝ ዝርግ ትሪ ላይ አፍስሱት፤ ወረቀቱን ለአምስት ደቂቃ ያህል ንከሩና በጥላ አድርቁት። የተጨማደደ ከሆነ በከባድ መጻሕፍት ሥር ይደር። ጠርዙን በመቀስ ሳይሆን በእጅ ቅደዱት፤ በክብሪት ማቃጠል ከልጆች ጋር ስትሠሩ አይመከርም። ጽሑፉ ከደረቀ በኋላ በእስክሪብቶ ይጻፍ።

ለማን እንላከው? እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል ለሽያጭ ያሳተመው የመጀመሪያው የገና ካርድ በመካከሉ ማዕድ የከበበ ቤተ ሰብ፣ በግራና በቀኙ ግን ለተራበ ምግብ፣ ለታረዘ ልብስ ሲሰጥ የሚያሳይ ሥዕል ነበረው። እኛም ካርዱን ለሚመልስልን ወዳጅ ብቻ ሳይሆን፣ በሆስፒታል ለተኛ፣ በማረሚያ ቤት ላለ፣ ልጆቹ ርቀውበት ብቻውን ለሚውል አረጋዊ እናድርሰው።

4. የግራር ቅርንጫፍ

ስለ ገና ዛፍስ? ለአንድ ሳምንት ጌጥ ብለን ጥድ አንቁረጥ። ከሞጆ ወደ መቂ፣ ዝዋይና አርሲ ነጌሌ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ አይቷል፤ ምድራችን የምታጣው ዛፍ ይበቃታል። ከመሬት የወደቀ የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ አንሡ፤ በቀለም ጣሳ ውስጥ በድንጋይና በአሸዋ አቁሙት። ከዋክብቱን እሾኹ ላይ ስቀሉ። ትንንሽ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ ይቀመጥ፤ መብራት ጠፍቶ ሻማ ስታበሩም ከወረቀቱ አርቁት። ልጃችሁ «ለምን እሾኽ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ የተወለደው ሕፃን አንድ ቀን የእሾኽ አክሊል እንደሚደፋ ንገሩት (ዮሐ. 19፥2)። ግርግሙን ከመስቀሉ ለይቶ የሚያስብ ገና ሙሉ አይደለም።

ይህ ሁሉ የአሕዛብ ልማድ አይደለምን?

አንዳንድ ወገኖች ኤርምያስ 10፥3-5ን ጠቅሰው ዛፍ ማስጌጥ ተከልክሏል ይላሉ። ክፍሉን በጥንቃቄ ስናነበው ግን ነቢዩ የሚናገረው ከእንጨት ተጠርቦ፣ በብርና በወርቅ ተለብጦ፣ በችንካር ተቸንክሮ ስለሚመለክ ጣዖት ነው። መራመድ ስለማይችል ሰው ይሸከመዋል ይላልና። የእጅ ጥበብን በተመለከተ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ ሞልቶ እንዲሠራም ሌሎችን እንዲያስተምርም አድርጎታል (ዘፀ. 35፥30-35)።

ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያው ዛሬም ይሠራል። ለማስጌጫ ብለን ከተበደርን፣ ባልና ሚስት ከተጣላን፣ ወይም እንደ እኔ ልጅን ካሳፈርን፣ ወረቀቱም ጣዖት ሊሆንብን ይችላል። በቤቱ ምንም ላለማስጌጥ የወሰነ ወንድም ካለም አንፍረድበት፤ እርሱም ለጌታ ብሎ ነው (ሮሜ 14፥5-6)።

አዳራሹ ባይኖርስ?

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ስትዘጋ፣ ምዕመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተሰብስበው ያመልኩ ነበር። አዳራሽ አልነበራቸውም፤ እምነታቸው ግን ጸንቶ ቆየ። ገናም መጀመሪያ የሚከበረው በቤት ነው። እግዚአብሔር ለእስራኤል ቃሉን በቤት ተቀምጠው ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ፣ በመቃናቸውም ላይ እንዲጽፉት ያዘዘው ለዚህ ነው (ዘዳ. 6፥7-9)።

እንግዲህ በዚህ ታኅሣሥ አንድ ማታ ቴሌቪዥኑን ዝጉ፤ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ዘርጉ፤ የጎረቤትንም ልጅ ጥሩ። ኮከቡ ቢጣመም ግድ የለም። በአዳራሻችን ያን ዓመት ከተሰቀሉት ከዋክብት ብዙዎቹ ጠማሞች ነበሩ። ያቺ ልጅ ግን የራሷን በጣቷ እያሳየች «ያ የእኔ ነው» ስትል ሰምቻታለሁ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ!