የይሓ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ታሪክና አሠራር በማኅበራዊ ትምህርት

የኢትዮጵያ የሕንፃ ጥበብ ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከአክሱም ሐውልቶች ነው። ይሁን እንጂ ከአድዋ በስተሰሜን ምሥራቅ በይሓ የሚገኘው ታላቁ ቤተ መቅደስ የታነጸው በ7ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ግድም፣ ይኸውም የአክሱም መንግሥት ከመመሥረቱ 600 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

የቤተ መቅደሱ ርዝመት 18.5፣ ወርዱ 15 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ግንቡ እስከ 14 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። መግቢያው በምዕራብ፣ መቅደሱ በምሥራቅ ነው። ጥርብ ድንጋዮቹ ያለ ኖራና ያለ ጭቃ የተነባበሩ ስለሆነ፣ ለግንቡ ጽናት ዋናው ምክንያት የጠራቢዎቹ ትክክለኛ ልኬት ነው። በአቅራቢያው ግራት በዓል ገብሪ በተባለው ስፍራ ያለው ባለ ስድስት ታላላቅ ምሰሶ ሕንፃ ግን በእንጨትና በድንጋይ ቅንጅት የተሠራ ነበር።

ቤተ መቅደሱ የተሠራለት አልመቃህ በየመን የነበረው የሳባ መንግሥት ዋና አምላክ ነበር፤ የጽሕፈቱና የግንባታው ዘዴም ከዚያው ጋር ይዛመዳል። ከዚህ የተነሣ የይሓ ሥልጣኔ በሙሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው የሚል አስተያየት ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ቆይቷል። በቁፋሮ የተገኙት የሸክላ ዕቃዎች አብዛኞቹ ግን የአገሬውን አሠራር የተከተሉ ናቸው። ስለዚህ ይሓን የአገሬው ሕዝብ ሕይወትና ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ የተገናኙበት ስፍራ አድርጎ ማስተማር ለማስረጃው የቀረበ ይሆናል።

ግንቡ በኋላ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አገልግሏል። ትውፊት ይህን ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ከሆኑት ከአባ አፍጼ ጋር ያያይዘዋል። በስማቸው በተሠራው የአሁኑ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይም የዋልያ ምስል የተቀረጸባቸው ጥንታዊ ድንጋዮች ገብተው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያና የጀርመን ባለሙያዎች በስፍራው የቁፋሮና የጥገና ሥራ አካሂደዋል።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ለሚማሩ ልጆች ይሓ እጅግ ሩቅ ነው። ቢሆንም ገመድና ችካል በቂ መሣሪያ ናቸው። ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ሜዳ 18.5 በ15 ሜትር ለክተው ይከልሉ፤ ፀሐይ ከምትጠልቅበት ተነሥተው የመግቢያውን አቅጣጫ ይለዩ፤ የግንቡንም ከፍታ በአካባቢያቸው ካለ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጋር ያነጻጽሩ። ከዚያም በደብተራቸው ላይ ሦስት ዓምድ አስምረው፣ በዓይን የሚታየውን፣ ከማስረጃ ተነሥቶ የሚገመተውንና በትውፊት የሚነገረውን ለይተው ይጻፉ። ተማሪው እነዚህን ሦስቱን መለየት ከቻለ፣ የታሪክ ትምህርት ዘመናትን በቃል ከመያዝ አልፎ ማስረጃን ወደ መመዘን ይሸጋገራል።