ሕፃናትን የምትጠብቀው ሴት በየትኛው መዝገብ ትጻፍ?

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር፣ አምባሰልን በመሰሉት የደቡብ ወሎ ወረዳዎች የሚኖረው ችግረኛ ገበሬ እርከን እየሠራና ችግኝ እየተከለ ዋጋውን በእህል ወይም በገንዘብ እንዲቀበል የሚያደርግ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ በተሻሻለው መመሪያው ደግሞ ነፍሰ ጡሯ እናት ከቁፋሮና ከሸክም ተለይታ፣ ከወለደችም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ያለ ሥራ ድጋፉን እንድታገኝ፣ በሥራው ቦታም ለሕፃናት ማቆያ እንዲዘጋጅ ያዝዛል። ማቆያው በተቋቋመበት ስፍራ ከሠራተኞቹ መካከል የተመደበችው ሴት በግራር ጥላ ሥር ጀንዲ አንጥፋ፣ ያንዱን አፍንጫ እየጠረገች፣ ሌላውን ከድንጋዩ ክምር እያራቀች፣ የሚያለቅሰውን በጀርባዋ አዝላ እያባበለች ትውላለች፤ እርሷ በዚያ ባትውል ኖሮ ድንጋይ የሚክቡት እናቶች ሁሉ ከሥራ በቀሩ ነበር።

በዚህ ሥርዓት መንግሥት ሕፃን መጠበቅ እርከን ከመሥራት የማያንስ ሥራ መሆኑን በራሱ መመሪያ አጽድቋል። እጅግ የሚያሳዝነኝና በዚህ ዓምድ ላብራራው የምወደው ጉዳይ፣ ይህ ሐቅ ከተራራው ወርዶ ሐይቅና ደሴ ከተሞች ሲገባ ፈጽሞ መዘንጋቱ ነው።

ከአምባሰል ገጠር የምትወጣው ልጃገረድ በደላላ አማካይነት ከአንዲት መምህርት ወይም ነርስ ቤት ትገባለች፤ ደመወዟ በቃል ይነገራታል፣ ደላላው ድርሻውን ይቀበላል፣ የሚፈረም ወረቀት የለም። ደመወዙ የሚያንሰው ሁልጊዜ አሠሪዋ ጨካኝ ስለ ሆነች አይደለም፤ ሞግዚቲቱ የምትከፈለው ከእናቲቱ ደመወዝ ተቀንሶ ስለ ሆነ፣ የአንዲቱ ገቢ ማነስ የሌላይቱን ከዚያ በታች ያወርደዋል። የፈትልና የወፍጮ ሥራ በመኪና ሊፋጠን ይችላል፤ ሕፃናት ግን በአንድ ሰው እጅ በበዙ ቁጥር ጥበቃው ይጎድላልና፣ ጠባቂዋ ሥራዋን አብዝታ ገቢዋን ከፍ የምታደርግበት መንገድ ዝግ ነው። እንዲህ ያለውን ገበያ ለሁለቱ ሴቶች ብቻ መተው፣ ወይ ሞግዚቲቱን ለዕለት ጉርሷ ብቻ ማሠራት፣ ወይ እናቲቱን ከሥራ ማስቀረት ነው፤ ሁለቱም ካልሆነ የቤቱ ታላቅ ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ ታናሿን ታዝላለች። ይህን ሒሳብ አስልተው ባሕር የተሻገሩት ብዙ የወሎ እናቶችም በሪያድና በቤይሩት የሰው ልጅ ሲያሳድጉ፣ የራሳቸው ልጆች በአያቶቻቸው እጅ ያድጋሉ።

ሕጉን ብንመረምር፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋራ የሚኖር ሠራተኛ ማደሪያው፣ የዕረፍቱና የጸሎቱ ሰዓት እንዲጠበቅለት አዝዟል። ከዚያ ወዲህ ግን በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጆች የግል አገልግሎት የሚሰጠውን ሠራተኛ ከወሰናቸው ውጭ አድርገው፣ የሥራው ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል በማለት ለነገ አሳደሩት። በመጀመሪያው አዋጅ ዘመን በ18 ዓመቷ ሞግዚትነት የገባች ሴት፣ ሦስተኛው ሲታወጅ 44 ዓመት ሞልቷት ያንኑ ተስፋ አንብባለች። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋራ ይፈቅዳል፤ ያ ፈቃድ ሲያልቅ እናቲቱን ወደ ሥራዋ የምትመልሳት ሞግዚት ግን እርሷ ስትወልድ ከቤቱ ትወጣለች። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ሲያዋጡ፣ ለእርሷ እርጅና የሚያዋጣላት የለም።

መፍትሔውን ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ሐይቅ ከተማ መቀመጫው የሆነው ተሁለደሬ ነበር፤ ገበሬው በየዓመቱ የሚያዋጣበት፣ መንግሥት የሚደጉምበት፣ መክፈል ለማይችለው ነዳይ ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ የሚተካበት ይህ ሥርዓት፣ የወር ደመወዝ የሌለው ሰው መድን ሊገባ አይችልም የሚለውን አስተሳሰብ እዚሁ አፍርሶታል። ጉድለቱ መዝገቡ በቤተሰብ መሆኑ ነው፤ በሰው ቤት የምታድረው ልጅ ከወላጆቿ መዝገብ ርቃ፣ በአሠሪዋም መዝገብ ሳትገባ በመካከሉ ትቀራለች። እንዲሁም በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሲጀመር፣ ቀድሞ የጎረቤት ውለታ ተብሎ ያለ ዋጋ ይፈጸም የነበረው የእናቶችና የሕፃናት እንክብካቤ በየቀበሌው ለሁለት ሴቶች የመንግሥት ሥራ ሆነ፤ ከ30,000 የሚበልጡ ሴቶችም ደመወዝና ጡረታ አገኙበት። ለእናቲቱ ምክር የምትሰጠውን ሴት መቅጠር የቻለ መንግሥት፣ ልጇን የምትጠብቅላትን መመዝገብ እንዴት ይሳነዋል?

የግል ቸርነትም ድርሻ አለው፤ ክብርት አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአምባሰል የምትገኘውን ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ መጥተው፣ በረኃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፤ ከዚያም ትዳራቸውን እስከ ማጣት ደርሰው፣ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ እልፍ ሕፃናትን አሳደጉ። ምግባረ ሠናያቸው ለዘለዓለም ይከበር ዘንድ ይገባል፤ ነገር ግን ጻድቃን በተነሡ ጊዜ ብቻ የሚጠበቅ ሕፃን እንዲኖር መፍቀድ የመንግሥት ፖሊሲ ሊባል አይችልም።

ገንዘቡ ከወዴት ይምጣ የሚል ሰው ቢኖር፣ የዘገየውን ደንብ ማውጣት ግምጃ ቤቱን እምብዛም አያጎድልበትም፤ የሞግዚቲቱን የጤና መድን በስሟ ማድረግም ወረዳዎቹ በለመዱት የመዋጮ አሠራር ላይ መዝገቡን ማስፋት ብቻ ነው። የጡረታ መዋጮው ከበድ ይላል፤ እርሱንም ሞግዚቲቱ ወደ ሥራ ከመለሰቻት እናት በሚሰበሰበው ግብር በከፊል መደጎም ይቻላል። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ልጅህን የምትጠብቅ ሴት ካለች፣ ደንቡን ሳትጠብቅ ደመወዟንና የዕረፍት ቀኗን በጽሑፍ አድርግላት፤ የዘንድሮውንም የጤና መድን መዋጮዋን ክፈልላት።