የመኪና ሞተር በደጋ አገር ለምን ይፈላል?

የሰው ትኩሳት የበሽታ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታ አይደለም። የመኪና ሞተር ሲፈላም ነገሩ እንዲሁ ነው። ውኃ እየጨመሩ መጓዝ ምልክቱን ለጊዜው ያበርዳል እንጂ በሽታውን አያድንም። በዚች አጭር ጽሑፍ የምገልጸው፤ አሮጌ ትንንሽ መኪናዎች በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ተራሮች የሚፈሉበትን ምክንያትና መፍትሔውን ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሞ በክፍል የተማርነውን እናስታውስ። ውኃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቍጥር ግን የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፤ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፤ በዚያ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የባቄላ ንፍሮ በደጋ ከቆላ ይልቅ ብዙ እንጨት የሚፈጀውም ስለዚህ ነው።

ጤነኛ ሞተር ሲሠራ የውኃው ሙቀት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ይደርሳል። ታዲያ በ93 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ ሞተሩን እንዴት ያበርዳል? መልሱ ያለው በራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ተራ መክደኛ አይደለም፤ በውስጡ ሞላና ጎማ አለው። እነዚህ እንፋሎቱን አፍነው ግፊት ስለሚፈጥሩ፤ ውኃው በደጋም ቢሆን 100 ዲግሪ ሳያልፍ አይፈላም።

እኔ እንደ ታዘብሁት ግን የክዳኑ ጎማ የደረቀ፤ አልፎ ተርፎም ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በጨርቅ የተወተፈ መኪና አለ። እንዲህ ያለው መኪና በተከዜ ቆላ ሜዳ ደኅና ሲሄድ ቆይቶ ዳገቱን ሲጀምር ይፈላል። በዳገት ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይደክማል፤ መኪናው ስለሚያዘግምም ራዲያተሩ የሚያገኘው ነፋስ ጥቂት ነው።

ሞተር በመንገድ ላይ ቢፈላ፤ መኪናውን ዳር አቁሞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ክዳኑን ወዲያው መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከታገሡ በኋላ፤ በወፍራም ጨርቅ ይዞ ቀስ በቀስ ማላላት ይገባል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ቢፈስበት ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ምክንያቱን በተራ መፈለግ ነው፤ ይኸውም፦

አንደኛ፤ ውኃ የሚያፈስ ቱቦ እንዳለ ማየት። ሁለተኛ፤ የቬንትሌተሩ ቺንጊያ አለመላላቱን በአውራ ጣት ተጭኖ መመርመር። ሦስተኛ፤ በራዲያተሩ ላይ የተጣበቀውን አቧራና ገለባ ማጠብ። አራተኛ፤ የክዳኑን ጎማና ሞላ ማየት። አምስተኛ፤ ቴርሞስታቱን አውጥቶ በድስት ውኃ መቀቀል፤ ውኃው ሊፈላ ሲቃረብ ካልተከፈተ መለወጥ አለበት። የሞተሩ ዘይት ወተት ቢመስል ግን ጓርኒሲዮኑ ሳይቃጠል አልቀረምና ወደ መካኒክ መሄድ ግድ ነው።

ይህ ሁሉ በአዲስ አበባ ለብዙ ዘመን በታክሲነት ላገለገለችው ላዳና ውኃ ለሚያበርዳቸው መሰሎቿ ነው። የድሮዋ ቮልስዋገን ግን በአየር ስለምትበርድ ራዲያተር የላትም። የእርስዋ ነገር የተንጠለጠለው በቺንጊያዋ ነው፤ ቺንጊያው ከተበጠሰ ማራገቢያዋ ይቆማል፤ ሾፌሩም ወዲያው መቆም አለበት።

በዋግ ገጠር ውኃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባ ተሸክመው የሚያመጡት ሀብት ነው። ለትንሽ ጎማ ባለማሰብ ሾፌሩ በየዳገቱ የሚያተንነው ጄሪካን የአንዲት እናት የግማሽ ቀን ድካም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ መኪና ያለው ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፤ ከሰቆጣ ጉዞ በፊት፤ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፤ ክዳኑን አብራችሁት ተመልከቱ።