ሐኪሙ «ኦትስ» ሲል

ጋሼ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገብተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ሐኪሙ ኦትስ ብላ አለኝ። ልጄ ከሱፐርማርኬት ገዝታልኛለች። ቤት ስሠራው ሊጥ እየሆነብኝ ተቸገርኩ፤ እስቲ ልጄ አንቺ ሞክሪው» አሉኝ። ሰባራ ባቡር አጠገብ ባለችው ቁርስ ቤቴ ለዓመታት የስንዴ ቅንጬ በቅቤ ሲያዙኝ የኖሩ ሰው ናቸው። ስኳር ተገኘብህ ከተባሉ ወዲህ ግን ቁርስ መብላት ፈርተው፣ ቡና ብቻ ጠጥተው ይወጡ ጀምረው ነበር።

ጣሳውን ከፍቼ አየሁት። ተዳምጦ የሳሳ፣ ከዚያም የደቀቀ፣ ውሃ ሲነካው ወዲያው የሚሟሟ ዓይነት ነው። ወደ ጓዳ ገባሁና ከማሰሮ አንድ እፍኝ የታመሰ አጃ ዘግኜ አመጣሁላቸው። ጎን ለጎን አድርጌ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የዚህ አባት ነው» አልኳቸው። እጃቸውን ሰደው አንድ ፍሬ አነሡ፤ አሸት አሸት አደረጉትና «አጃ? የአራስ አጥሚት?» አሉ። አዎ፣ የአራስ አጥሚት።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች እየበዙብኝ ስለመጡ ነው። ሐኪም ቤት «ኦትስ» የሚለውን ቃል ይሰማሉ፤ ቃሉን ይዘው ወደ ሱፐርማርኬት ይሄዳሉ፤ በአንዱ ጣሳ ዋጋ ብዙ ኪሎ አጃ መግዛት ሲችሉ ከመደርደሪያው ላይ የተገኘውን አንሥተው ይወጣሉ። ኦትስ አጃ መሆኑን የነገራቸው የለም። ከዚያም የባሰው፣ ከአጃ እስከ አጃ ያለውን ልዩነት የነገራቸው የለም።

ልዩነቱ ያለው ፍሬው ምን ያህል ተሰባብሯል በሚለው ላይ ነው። አጃ በውስጡ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር አለው። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚያወጣውን ዝልግልግ ነገር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የአጃውም እንደዚያው ሆድ ውስጥ ይወፍርና ምግቡ ቀስ ብሎ እንዲፈጭ፣ ስኳሩም ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በቀን 3 ግራም የአጃ ቤታ ግሉካን የልብ ሕመምን አደጋ ለመቀነስ ሊረዳ ይችላል የሚል ጽሑፍ በማሸጊያ ላይ እንዲወጣ የፈቀደውም በዚሁ አሰር ምክንያት ነው። ሆኖም ፍሬው አስቀድሞ በማሽን ከደቀቀና ከበሰለ ሆድ የሚሠራው ሥራ ያልቅበታል። የተሰበረው አጃ ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ ቶሎ የሚሟሟው የጣሳ አጃ ወደ ነጭ ዳቦ ጠባይ ይጠጋል። ጣዕም የተጨመረበትን ትንሽ ከረጢት ገልብጦ ጎኑን ያነበበ ሰው ደግሞ በአንዱ ውስጥ 12 ግራም ያህል ስኳር ያገኛል፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ስኳር ላለበት ሰው ይህን ገዝቶ እንደ መድኃኒት ማቅረብ ያሳዝነኛል።

ተዳምጦ ስለሚሸጠው ትልቅ ትልቅ ጠፍጣፋ አጃ ግን ክፉ አልናገርም። ፍሬው በእንፋሎት ይለሰልስና በሁለት የብረት ዳምጠው መካከል ያልፋል፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለደንበኞቼ ስነግር ሁልጊዜ የሰፈራችን ስም ትዝ ይለኛል። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት ባቡር እዚህ ተበላሽቶ ስለቀረ ነው ሰፈሩ ሰባራ ባቡር የተባለው። እኛ ዘንድ የእህል ወፍጮም ባቡር ነው። እንፋሎት፣ ብረት፣ እህል፤ የጣሳው ፋብሪካ ምሥጢር በእኛ ቋንቋ ሲነገር ሩቅ አይደለም።

አጃችን ራሱ ብዙ ታሪክ አለው። በሳይንስ ስሙ አቬና አቢሲኒካ የሚባል፣ የአገራችንን ስም የተሸከመ የአጃ ዝርያ አለ። በፈረንጅ አገር ከሚዘራው የተለየ ነው፤ የውጭው 42 ክሮሞሶም ሲኖረው የእኛው 28 ነው ያለው። ገበሬው ለብቻው ብዙም አይዘራውም፤ ከገብስ መካከል ይበቅላል፤ ከገብስ ጋር ይታጨዳል፤ ከገብስ ጋር እንጀራም ጠላም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አጃ መጀመሪያ በሌላ እህል ማሳ ውስጥ አረም ሆኖ ኖሮ፣ ኋላ ራሱን የቻለ እህል ሆነ ብሎ ያምን ነበር። ዛሬም ከገብስ ውስጥ ሲናሩን፣ የዱሩን አጃ፣ የምትለቅም ሴት ይህን ታሪክ በእጇ ይዛዋለች። በጎጃም በኩል የሚመጡት ሻጮች አጃን «እንግዶ» ይሉታል። አፈሩ ኮምጥጦ ሌላው እህል እምቢ ሲል የሚዘሩት እሱን ነው።

የእህል ግዢዬ መርካቶ እህል በረንዳ ነው። እናቴ እንደምትለው የእሷ እናት እህል ለመሸመት ከአራዳ አትወጣም ነበር፤ ትልቁ ገበያ እዚሁ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበርና። ገበያውን ወደ መርካቶ ያዞረው ጣሊያን ነው። አጃ ስገዛ መጀመሪያ አሸታለሁ። ጥሩ አጃ የደረቀ ሣር ሽታ አለው። ሻጋታ ወይም የቆየ ዘይት ከሸተተኝ ዋጋውን እንኳ አልጠይቅም። ከዚያ መዳፌ ላይ አድርጌ እነፋለሁ፤ ገለባ ብቻ ሆኖ ውስጡ ባዶ የሆነ እንዳይበዛ። እንክርዳድ ካለበት ቤት ስደርስ ሰፌድ ላይ መልቀም አለብኝ። ስንዴ አትብላ የተባለ ሰው ከመጣብኝም እውነቱን እነግረዋለሁ፦ አጃው ራሱ የስንዴው ዓይነት ችግር ባይኖርበትም ከገብስና ከስንዴ ጋር አብሮ የበቀለና በአንድ ወፍጮ ያለፈ ነውና ለእሱ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ልናገርበት የምፈልገው ማመሱን ነው። አጃ ከስንዴም ከገብስም የበለጠ ቅባት አለው። ያንን ቅባት የሚያበላሸው ኢንዛይምም እዚያው ፍሬው ውስጥ ተቀምጧል። ፍሬው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ተለያይተው ይኖራሉ። ሲፈጭ ግን ይገናኛሉ፤ ቅባቱም ይመራል። ፋብሪካው ኢንዛይሙን በእንፋሎት ይገድለዋል። እናቶቻችን በምጣድ ገደሉት። ገለባው ተሰባሪ እንዲሆን፣ ሽታው እንዲያምር ብለው ያደረጉት ይመስለን ነበር፤ እህሉን ከመምረር ያዳነውም ያው ማመስ ነው።

ይህን ያወቅሁት በገዛ ጥፋቴ ነው። አንድ ክረምት ከሰሉ ረጥቦ፣ መብራቱ እየጠፋ ሥራ ሲደራረብብኝ «ዘንድሮስ ሳላምሰው ላስፈጨው» ብዬ አንድ ጆንያ ያህል ጥሬውን ወፍጮ ቤት ወሰድኩ። ዱቄቱ ነጭና የሚያምር ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለአንዲት የሰፈራችን አራስ አጥሚት የሚሆን ሰጠሁ። በማግስቱ አማቷ ዱቄቱን በነጠላዋ ሸፍና መለሰችልኝ። አልተቆጣችም። «ቅመሺው» ብቻ አለችኝ። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ፤ ምላሴ ላይ የቀረው ምሬት እስከ ማታ አልለቀቀኝም። ለአራስ የሰጠሁት መሆኑ ዛሬም ያሳፍረኛል። ጆንያውን በሙሉ ለከብት አርቢ ሰጠሁና በሚቀጥለው ቀን አዲስ አጃ አመስኩ። ለዚያች ቤት እስከ ክርስትናው ድረስ አጥሚቱን በነፃ አቀረብኩ።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። አጃውን አበጥሬ፣ ለቅሜ፣ በመጠነኛ እሳት ምጣድ ላይ እያገላበጥኩ አምሰዋለሁ። ፍሬው መፍካት ሲጀምርና የለውዝ ዓይነት ሽታ ሲያወጣ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ይቃጠላል፤ ቅንጬውም ጥቁር ጥቁር ይላል። ሙቀጫ ውስጥ ገለባው እስኪለቅ ይሸከሸካል፤ ይነፋል። ከዚያ ወፍጮ ቤት «ሽርክት አድርግልኝ» እላለሁ። ወፍጮው ድንጋዩን አራርቆ አንዱን ፍሬ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ እንዲሰብረው ነው። የወረደውን በወንፊት ስነፋ ላይ የቀረው ለቅንጬ፣ ታች የወረደው ዱቄት ለአጥሚት ይሆናል። አንድም አይባክንም።

ማብሰሉ ላይ ደግሞ ሁሉም የሚረሳው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ የባሕር ዳርቻ ሰው ደቂቃ ነው። የጋሼ የጣሳ አጃ ግን ወዲያው የሚሟሟ ነውና ሊጥ የሆነባቸው በላይ በላዩ ስላማሰሉት ነው። ለተዳመጠው አጃ አምስት ደቂቃ ከተባለ እኔ ስምንት እሰጠዋለሁ፤ ውሃውም ከአጃው እጥፍ ነው። ለሽርክቱ አንድ ብርጭቆ አጃ በሦስት ተኩል ብርጭቆ ውሃ እጥዳለሁ። ውሃው ሲንተከተክ ነው የምጨምረው፤ አንዴ አማስላለሁ፤ እሳቱን ቀንሼ እከድናለሁ። ሠላሳ አምስት፣ አንዳንዴ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ማታ ውሃ ውስጥ ያደረ ከሆነ ጊዜው ይቀንሳል። ማማሰያ አታብዙበት። በተማሰለ ቁጥር ሙጫው ይወጣና ፍሬው ቅርጹን ያጣል፤ ቅንጬ መሆኑ ይቀርና ገንፎ ይሆናል። ገንፎ ለፈለገ ሰው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በዱቄት፣ በብርቱ ክንድ ይሠራል።

ጨው መጨረሻ ላይ፣ ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከኮረሪማ ጋር። ለጋሼ ቅቤውን ግማሽ አደረግሁት፤ ለሌላው ደንበኛ ግን አልሰስትም። በጾም ቀን ድስቴን የምጥደው ከ6 ሰዓት በኋላ ነው፤ ሽንኩርት በዘይት ቁሌት አድርጌ እለውሰዋለሁ፤ ቃሪያ የሚወድ ቃሪያ ይጨመርለታል። ወጣቶቹ ሙዝና ማር ይጠይቁኛል፤ እሠራላቸዋለሁ፤ ጥሩ ነው። ቡናውን ግን ከምግቡ ጋር አታጣጥሙት፣ ትንሽ ቆይታችሁ ጠጡት እላቸዋለሁ፤ ቡናም ሻይም በአጃው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስደው ያግዳሉና።

የዚያን ቀን ለጋሼ ሁለቱንም ሠራሁላቸው። ከጣሳው ሁለት ማንኪያ ቀመሱና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። የሽርክቱን አጃ ግን ቀስ ብለው፣ እያኘኩ ጨረሱት። «ይኼ ይታኘካል» አሉኝ። ለስኳር በሽተኛ ከዚህ የበለጠ ጥሩ ቃል አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አራት ቀን ያንኑ ይበሉ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ያለው ሰፈራቸው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የጋሼም ቤት ፈረሰ። አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ከዚያ ፒያሳ ድረስ ለቁርስ መምጣት አይቻልም፤ በሁለት ታክሲ እንኳ ጠዋቱ ያልቃል። በወር አንዴ ልጃቸው ስትመጣ ሦስት ኪሎ የታመሰ ሽርክት አጃ በላስቲክ ቋጥሬ እሰጣታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ግን እየጠዋቱ ይደውሉልኝ ነበር። «ልጄ፣ አሁን ደርሶ ይሆን?» ይሉኛል። ማየት አልችል። «ስልኩን ወደ ድስቱ ያስጠጉልኝ» እላቸዋለሁ። ክዳኑ ሲነሣ ይሰማኛል። ውሃ ሲበዛበት ፉጨት እንደሚመስል ቸስ ቸስ ይላል። ሲደርስ ዝግ ብሎ፣ ጥ… ጥ… እያለ፣ ረጅም እየቆየ ነው የሚተነፍሰው። ያን ድምፅ ስሰማ «ጋሼ፣ አሁን ያውርዱት፤ ከድነው ትንሽ ያቆዩት» እላቸዋለሁ፤ እኔም የራሴን ድስት ለማየት ወደ ምድጃዬ እመለሳለሁ።